ይሉኝታን ከበር መልሱ፦ በጎንደር ማሳጅ ለምትሠሩ ዝርዝር መመሪያ

ጎንደር ውስጥ ማሳጅ የሚሠራ ሰው ደንበኞቹ ብዙ ዓይነት ናቸው። ሌሊቱን በማኅሌት ቆመው ያደሩ መሪጌታ ይመጣሉ። ከአዘዞ ፒያሳ ሲመላለስ የዋለ የባጃጅ ሹፌር ይመጣል። ምጣድ ላይ አጎንብሳ የምትውል እንጀራ ጋጋሪ ትመጣለች። ከሰሜን ተራሮች ወርዶ ደረጃ መውረድ ያቃተው ቱሪስትም አለ። ቱሪስቱ ሕመሙን ሳትጠይቁት ይነግራችኋል። የእኛ ሰው ግን "ደህና ነኝ፣ ተመስገን" ይላል። እጃችሁ ሲበረታበትም "ግድ የለም" ብሎ ጥርሱን ይነክሳል።

እኛም ከእነሱ አንሻልም። መታሸት የሌለበት ሰው ሲመጣ "አይሆንም" ለማለት እናፍራለን። በዚህ ሥራ ላይ ሰው የሚጎዳው በአብዛኛው በዚህ በሁለት በኩል ባለ ይሉኝታ ይመስለኛል። ስለዚህ እዚህ ስለ እጅ አሠራር የምጽፈውን ያህል ስለ መጠየቅና ስለ እምቢ ማለት እጽፋለሁ።

ክፍሉና አልጋው

ውድ አልጋ ማስመጣት ግዴታ አይደለም። ጎበዝ አናጢ ይሠራዋል። ርዝመቱ ከ185 እስከ 190 ሴንቲ ሜትር፣ ስፋቱ 70 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሁን። ከዚያ ከሰፋ ለመድረስ ስትንጠራሩ ወገባችሁ ያልቃል። ቁመቱን በራሳችሁ ለኩ። ቀጥ ብላችሁ ቁሙ፤ እጃችሁን ወደ ታች ልቀቁና ጨብጡ። የጣታችሁ አንጓ ፍራሹን ነካ ካደረገ ልኩ ነው። ወፍራም ደንበኛ ሲተኛ ጀርባው ከፍ ስለሚል፣ እንዲህ ዓይነት ደንበኛ የሚበዛባችሁ ከሆነ ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ አሠሩት። ፊት ማስገቢያ ቀዳዳ ከሌለው ትልቅ ፎጣ ጠቅልላችሁ ግማሽ ክብ አድርጉና ግንባርና ጉንጭ ይረፍበት። አንገቱን ወደ አንድ ጎን ጠምዝዞ ለአንድ ሰዓት የተኛ ሰው ከመጣበት ብሶበት ይነሳል።

የጎንደርን የውሃ ነገር ታውቁታላችሁ። ሮቶ ቢኖራችሁም ሁለት ጀሪካን ሞልታችሁ አስቀምጡ። ከእያንዳንዱ ሰው በፊትና በኋላ በሳሙና ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ታጠቡ። በክንዳችሁም ስለምትሠሩ እስከ ክርናችሁ ድረስ ይሁን። ጥፍር ይቆረጥ፣ ቀለበትና ሰዓት ይውለቅ።

ዘይት የተቀባ ሰው ቶሎ ይበርደዋል። ከአንሶላው በላይ ንጹሕ ጋቢ ደርቡለት። ክፍሉን ለማሞቅ ብላችሁ ግን ከሰል አታስገቡ። ከከሰል የሚወጣው መርዛማ ጋዝ ሽታ የለውም፤ በዝግ ክፍል ውስጥ ደንበኛውንም እናንተንም ይገድላል። ዕጣን ማጨስ የምትወዱ ካላችሁም አስም ያለበት ሰው መሆኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ዘይት

ከመተማና ከሁመራ በኩል የሚመጣ ሰሊጥ ደጃችን ላይ እያለ ብዙ ሰው የውጭ ጠርሙስ ይፈልጋል። ንጹሕ የሰሊጥ ዘይት ለማሳጅ ይሆናል። ቀስ ብሎ ነው የሚመጠጠው፣ ዋጋውም ይቻላል። ግን ሰሊጥ የማይስማማው ሰው አለ። አዲስ ደንበኛ ከሆነ በክንዱ ውስጠኛ በኩል ጠብታ አድርጋችሁ ጥቂት ጠብቁ። ካሳከከው ወይም ከቀላ ሌላ ዘይት ተጠቀሙ። የኑግ ዘይት ሽታው ይከብዳል፣ አንሶላም ያበላሻል። ቅቤ በቤት ለእናት ወገብ ደግ ነው፤ ለሥራ ግን አልመክርም። ሽታው ፎጣ ላይ ይቀራል፣ በጾም ቀን የሚከብደው ደንበኛም አይጠፋም።

ዘይቱን በሙቅ ውሃ ሳህን ውስጥ ጠርሙሱን አቁማችሁ አሙቁ። ደንበኛው ጀርባ ላይ በቀጥታ አታፍስሱ። መጀመሪያ መዳፋችሁ ላይ፣ ያውም ጥቂት። ዘይት ሲበዛ እጅ ይንሸራተታል እንጂ ጡንቻ አይዝም።

ከመንካታችሁ በፊት ጠይቁ

አሥር ደቂቃ መድቡ። ደንበኛው ልብሱን ሳያወልቅ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይሁን። "እንዴት ነዎት?" ብላችሁ አትጀምሩ፤ መልሱን አስቀድሜ ነግሬያችኋለሁ። ይልቅ እንዲህ በሉ፦ "የሚያምዎትን ቦታ በጣትዎ ያሳዩኝ።" ጣት አያፍርም። ቀጥላችሁ መቼ እንደጀመረ፣ ምን ሲሠሩ እንደሚብስ፣ ሌሊት ከእንቅልፍ ይቀሰቅስ እንደሆነ ጠይቁ።

ከዚያ ስለ ጤናቸው። ግፊት? ስኳር? የልብ ሕመም? የሚወስዱት መድኃኒት፣ በተለይ ደም ማቅጠኛ? ቀዶ ሕክምና ወይም ስብራት? ሴት ከሆነች እርግዝና? በቅርቡ ወጌሻ ዘንድ ሄደው እንደሆነም ጠይቁ። ወጌሻው ያሰረውን አትፍቱ። ግን ከታሰረው በታች ያሉት ጣቶች ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ ወይም ከጠቆሩ ጊዜ የለም፤ ቶሎ ሆስፒታል ይሂዱ።

ጾምንም ጠይቁ። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳይቀምስ የሚቆይ ደንበኛ ከአልጋ ሲነሳ ራሱን ሊያዞረው ይችላል። ቀጠሮውን ከምግብ በኋላ አድርጉለት። እንደበላ ግን በሆዱ አታስተኙት፤ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይለፍ።

አንገት ላይ ማተብ ወይም ክታብ ካለ ሳትጠይቁ አትንኩ። "ወደ ጎን ላድርገው ወይስ ይቆይ?" ማለት ይበቃል። ይቆይ ካሉ በደረቅ ጨርቅ ሸፍናችሁ ዙሪያውን ሥሩ። ሹሩባ ወይም ቅቤ የተቀባ ፀጉርም እንዲሁ፤ ራስ ቅል ማሸት የሚፈልጉ እንደሆነ ራሳቸው ይናገሩ።

"ዛሬ አይሆንም" የምትሉት መቼ ነው?

ትኩሳት፣ የሚተላለፍ የቆዳ በሽታ፣ የተከፈተ ቁስል ካለ ሰውየው ሌላ ቀን ይመለስ። በዚህ ብዙ ክርክር የለም። አዲስ ወለምታ ሆኖ ካበጠ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት እብጠቱን አትሹት። በዚህ ላይ ግን ክርክር ይነሳል። ቶሎ ካልታሸ አይድንም የሚል ሰው ብዙ ነውና ረጋ ብላችሁ አስረዱ።

በጣም የምትጠነቀቁት የባት እብጠት ነው። ከአዲስ አበባ ጎንደር በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ያን ያህል መንገድ ተቀምጦ የመጣ ሰው አንድ ባቱ ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀና ካመመው ደም ሥሩ ውስጥ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል። ብታሹት የረጋው ደም ተነቅሎ ሳንባ ሊዘጋ ይችላል፤ ሞት ነው። "ትንሽ ቀስ አድርጌ ልሞክር" የሚባል ነገር እዚህ የለም። እጃችሁን አንሱና በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ላኩት።

ሁለተኛው የወገብ ሕመም ነው። አብዛኛው የጡንቻ ነው፤ ማሳጅ ያግዘዋል። ግን ሕመሙ ሌሊት ከበረታ፣ ሰውየው ከከሳ፣ ማታ ማታ ካላበው ወይም ከሳለ የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላል። ብልት አካባቢ የደነዘዘ፣ ሽንት መቆጣጠር ያቃተው ወይም እግሩ የሰነፈበት ሰው ደግሞ ድንገተኛ ነው። እነዚህን የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይያቸው። እዚያ የፊዚዮቴራፒ አገልግሎትም ስላለ፣ አጥንትና ነርቭ የነካ ችግር ከእናንተ ይልቅ የእነሱ ነው።

ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ሊደነዝዝ ይችላል። ግፊታችሁን ስለማይሰማው "ጠንከር አድርጉ" ይላችኋል። አትስሙት። ደም ማቅጠኛ የሚወስድም በቀላሉ ስለሚበልዝ እጃችሁ ይለስልስ። ነፍሰ ጡር በጎኗ ትተኛ፣ ግራ ጎን ይመረጣል፣ በጉልበቶቿ መካከል ትራስ ይግባ። ከእርግዝናው አጋማሽ በኋላ በጀርባዋ ለረጅም ጊዜ አታስተኟት፤ ማሕፀኑ ትልቁን ደም ሥር ይጫናል። የእርግዝና ማሳጅ ያልተማረ ሰው ግን ጭራሽ ባይሠራ እመርጣለሁ።

"አንገቴን ቀጭ አድርግልኝ" የሚልም አይጠፋም። አንገት ጠምዝዞ ማስጮህ የእኛ ሥራ አይደለም። ቪዲዮ ላይ ቀላል ይመስላል፤ ወደ አንጎል የሚሄድ ደም ሥር ግን እዚያው አለ።

የራሳችሁን አካል ጠብቁ

በዚህ ሙያ መጀመሪያ የሚያልቀው አውራ ጣት ነው። ጀማሪ ሁሉ በአውራ ጣቱ ይገፋል። ለሰፊ ቦታ መዳፍና ክንድ ተጠቀሙ፣ አውራ ጣትን ለትንሽ ቦታ ቆጥቡት። ስትገፉበትም ሌሎች ጣቶቻችሁ ይደግፉት። አንድ እግር ከፊት፣ አንድ እግር ከኋላ አድርጋችሁ ጉልበታችሁን አላሉት። ጉልበቱ ከትከሻ አይምጣ። ወደ ፊት ስታዘነብሉ የሰውነታችሁ ክብደት ይሥራላችሁ። የእጅ አንጓ ቀጥ ይበል። በቀን ከአራት አምስት ሰው በላይ ሙሉ ሰዓት አትሥሩ። ጥምቀት ሲደርስ ሆቴሉ ሁሉ ሞልቶ ስልካችሁ ሲጮህ ይህን መጠበቅ ከባድ ነው። ጥር 13 እጃችሁ ብርጭቆ ማንሳት ካቃተው ግን ያገኛችሁት ገንዘብ አይክሳችሁም።

የአንድ ሰዓት አሠራር

ስዊድሽ ማሳጅ የሚባለው አምስት መሠረታዊ እንቅስቃሴ አለው፦ ማንሸራተት፣ ማቡካት፣ መፈተግ፣ መምታትና ማንቀጥቀጥ። ጀማሪነቱ ለስዊድናዊው ፐር ሄንሪክ ሊንግ ሲሰጥ ቆይቷል። ዛሬ በየትምህርት ቤቱ የሚጠሩትን የፈረንሳይኛ ስሞች ግን ያስለመደው ሆላንዳዊው ሐኪም ዮሐን ጆርጅ ሜዝገር ነው። ስሙ የማንም ይሁን፣ ቅደም ተከተሉ ይያዝ፦ ከቀላል ወደ ከባድ፣ ከሰፊ ወደ ጠባብ፣ መጨረሻ ላይ ተመልሶ ወደ ቀላል። ረጅሙን ማንሸራተት ወደ ልብ አቅጣጫ አድርጉት።

ጊዜውን እንዲህ ክፈሉ። ጀርባ 20 ደቂቃ፣ የእግር ኋላ 14፣ ከተገለበጡ በኋላ የእግር ፊት 10፣ እጆች 6፣ አንገትና ትከሻ 10። ወገቡን ወይም እግሩን ያመመው ሰው ከሆነ ከሌላው ቀንሳችሁ ለዚያ ጨምሩ።

ደንበኛው ልብሱን ሲያወልቅ ከክፍሉ ውጡ። "እስከሚመችዎ ድረስ ያውልቁና ከአንሶላው ሥር በሆድዎ ይተኙ" በሉ። ስትገቡ አንኳኩ። የምትሠሩበት ክፍል ብቻ ይገለጥ፤ ሌላው ይሸፈን።

ጀርባ ላይ መጀመሪያ በአንሶላው ላይ ሁለት መዳፋችሁን አሳርፉ። አትጫኑ። ሦስት አራት ጊዜ ሲተነፍስ ጠብቁ። ከዚያ አንሶላውን እስከ ወገብ ገልጣችሁ ዘይቱን አሰራጩ። ከወገብ ተነስታችሁ ከአከርካሪው ግራና ቀኝ ወደ ላይ እስከ ትከሻ ውጡ፤ በጎን በኩል ቀለል አድርጋችሁ ተመለሱ። አምስት ጊዜ ድገሙ። አከርካሪው አጥንት ላይ ጭነት የለም። ጎንና ትከሻ ላይ ያለውን ሥጋ እንደ ሊጥ አንስታችሁ አቡኩ፤ ከተቃራኒው ጎን ቆሞ ወደ ራስ መሳብ ይቀላል።

ጀርባው ሲሞቅ በክንዳችሁ ከአከርካሪው ጎን ያለውን ረጅም ጡንቻ ቀስ ብላችሁ ውጡበት። ቀስ ስል በእውነት ቀስ ማለቴ ነው። ከወገብ ትከሻ ለመድረስ ግማሽ ደቂቃ ይፍጅ። የባለሙያ ሁሉ ችግር መፍጠን ነው። ጡንቻ በችኮላ ሲገፉት ይኮማተራል፣ ሲታገሡት ይለቃል።

የቋጠረ ቦታ ስታገኙ አትፈትጉት። በመጀመሪያ ጫን ብላችሁ ቆዩበት፣ ከ30 እስከ 60 ሰከንድ። እዚህ ላይ "ያማል?" ብላችሁ አትጠይቁ፤ "አያምም" ይባላችኋል። "ከአንድ እስከ አሥር ስንት ነው?" በሉ። አምስት ወይም ስድስት ጥሩ ነው። ሰባት ካለ ቀንሱ። ቁጥር ለመናገር ሰው አያፍርም። ቁጥሩን ካልነገሯችሁም ሰውነቱን አንብቡ። ትንፋሽ ከተያዘ፣ የእግር ጣቶች ከታጠፉ፣ መቀመጫው ከጠበቀ እጃችሁ በዝቷል። ወደ ክንድ ወይም ወደ እግር እንደ ኤሌክትሪክ የሚሮጥ ስሜት ካለ ነርቭ ነውና ተዉት።

ከመጨረሻው ጎድን በታች፣ ኩላሊት ያለበት ቦታ ላይ አትምቱ። የጉልበት ኋላ፣ ብብት፣ ብሽሽትና የአንገት ፊት ላይም አትጫኑ። ደም ሥርና ነርቭ ለቆዳ ቀርበው የሚያልፉት በእነዚህ ነው።

የእግር ኋላ ላይ ከባት ጀምሩ፤ ከጉልበት ኋላ ስትደርሱ ቀለል አድርጋችሁ እለፉና ጭኑን ቀጥሉ። ለአረጋዊ ሰው በሆድ መተኛት ይከብዳል፤ በጎናቸው ወይም ወንበር ላይ ተቀምጠው ሥሩላቸው። ደንበኛው ሲገለበጥ አንሶላውን ከፍ አድርጋችሁ ያዙና ፊታችሁን አዙሩ። አንገት ላይ ስትደርሱ ራሱን በሁለት መዳፍ ይዛችሁ ማጅራቱ ላይ፣ ከራስ ቅሉ ሥር ባሉት ትንንሽ ጡንቻዎች ላይ ጣታችሁን አሳርፉ። የጭንቅላቱ ክብደት ግፊቱን ይሠራላችኋል። ለባጃጅ ሹፌርና ስልክ ላይ ለሚውል ወጣት ከዚህ የተሻለ ነገር አላውቅም።

ስትጨርሱ "ቀስ ብለው በጎንዎ ይነሱ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ጥቂት ይቀመጡ" በሉ። የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ብድግ ካለ ይወድቃል። ውሃ ስጡ። "መርዝ እንዲወጣልዎት ነው" ግን አትበሉ። ማሳጅ መርዝ አያወጣም። ሰው ስለሚጠማው ነው፤ ያ ይበቃል።

ከሰሜን የወረደ እግር

ከጥቅምት እስከ መጋቢት ባለው ደረቅ ወቅት ከደባርቅ የሚመለሱ ተጓዦች ይበዛሉ። ከ4,500 ሜትር በላይ ከሆነው ከራስ ዳሸን የወረደ ሰው የሚያመው የጭኑ ፊት ነው። ዳገት ልብን ያደክማል፤ ቁልቁለት ጭንን። በየእርምጃው ጡንቻው እየተሳበ ክብደቱን ስለሚያቆም ይቆስላል። ሕመሙ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይበረታል። አስጎብኚዎች "አሲድ ተጠራቅሞብህ ነው" ይሏቸዋል። ያ ነገር ጉዞው ካበቃ በአንድ ሰዓት ገደማ ከደም ይጠራል፤ እናንተ አታወጡትም።

ስለዚህ በዚያ ቀን ዲፕ ቲሹ፣ ማለትም ወደ ውስጥ የሚገፋ ጠንካራ ማሳጅ፣ ቢለምኗችሁም አትስጡ። በቀላል እጅ ጭኑንና ባቱን አንሸራቱ፣ በመዳፍ ጨመቅ ለቀቅ አድርጉ፣ ቁርጭምጭሚቱን ቀስ ብላችሁ አዙሩ። የእግር ጥፍርና የውኃ ቋጠሮ ተመልከቱ፤ የፈነዳ ካለ ዙሪያውን እለፉት። ለጠንካራው ከሦስት ቀን በኋላ ይምጣ። ሽንቱ እንደ ኮካ የጠቆረበት ተጓዥ ካጋጠማችሁ ግን ማሳጁን ትታችሁ ሆስፒታል ላኩት፤ የተጎዳ ጡንቻ ኩላሊቱን እየነካው ሊሆን ይችላል።

ድንበር

በየከተማው "ማሳጅ" ሲባል ሌላ ነገር የሚመስለው ሰው አለ። መሸፋፈኑ አይጠቅምም። በሩ አይቆለፍ። የአገልግሎቱ ዓይነትና ዋጋ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ደንበኛው ሴት ወይም ወንድ ባለሙያ እንደሚፈልግ ቀጠሮ ሲይዝ ይጠየቅ። የፈለገው ባለሙያ እናንተ ዘንድ ከሌለ ለሙያ ጓደኛችሁ ማስተላለፍ ስም ያስገኛል።

"ሌላ ነገር የለም?" የሚል ሲመጣ አትሳቁ፣ አትቆጡም። እጃችሁን አንሱና "እዚህ የምንሠራው ማሳጅ ብቻ ነው። ከደገሙት አቋርጣለሁ" በሉ። ከደገመ አቋርጡ፣ ውጡ፣ ሙሉ ዋጋ ተቀበሉ። የቤት ባለቤቶች "ደንበኛ እንዳይቀየም ቻዪው" የምትሉ ካላችሁ ነውር ነው። ሠራተኛዋን ከደንበኛ መጠበቅ የእናንተ ግዴታ ነው።

ሒሳብና ደብተር

ዋጋውን ከመጀመራችሁ በፊት ተናገሩ፣ በቴሌብርም ይሁን በእጅ። ለፈረንጅ ሌላ፣ ለአገር ሰው ሌላ ዋጋ የሚያስቀምጡ አሉ፤ እኔ አልወደውም። አስጎብኚና የሆቴል ዘበኛ ኮሚሽን ሲጠይቃችሁ ከዋጋው ላይ ጨምራችሁ ደንበኛውን አታስከፍሉ። ንግድ ፈቃዱን በጊዜ አሳድሱ፤ የጤና ቁጥጥር ሰዎች ሲመጡ የሚያዩት አንሶላችሁንና እጅ መታጠቢያችሁን ነው።

ዘይት የነካ ፎጣ በሙቅ ውሃና በዱቄት ሳሙና ተዘፍዝፎ ይታጠብ፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣ። ገና ትኩስ ሆኖ አትከምሩት። ዘይት የቀረበት ጨርቅ ተከምሮ ራሱን በራሱ ሊያቃጥል ይችላል።

ለእያንዳንዱ ደንበኛ አንድ ገጽ ይኑር። ቀን፣ የተናገረው ሕመም፣ ያገኛችሁት ቋጠሮ፣ የነገራችሁ ቁጥር፣ የማይስማማው ዘይት። ደብተሩ ቁልፍ ባለው መሳቢያ ይቀመጥ። ጎንደር ሰው ይተዋወቃል። የመሪጌታን ወገብ ለጎረቤታቸው ካወራችሁ ነገ ሌላ መሪጌታ አይመጣም። ደንበኛው ሲመለስ በሩን ከመክፈታችሁ በፊት ገጹን አንብቡና "ባለፈው ቀኝ ትከሻዎ ስድስት ነበር፣ ዛሬ ስንት ነው?" ብላችሁ ጀምሩ።